ከጉልበቴ ስር

ኮሚቴው ዕጣ አወጣ፤ የኔ ስም ወጣ፤
«ሦስት ቀን ዕረፍት፣ ምጽጴ ራሞን፣ ሰባራ ሳንቲም ሳታወጣ»
ይላል ወረቀቱ፤ ከግርጌው ተጽፎ፦
«ዮጋ፣ ትንፋሽ፣ ጸጥታ» — በአበባ ታቅፎ።

ሃያ ሦስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ፣
በአረጋውያን ቤት፤ ሰው ሲተኛ ነቅቼ፣ ተኝቼ ሰው ሲነቃ፤
ዕረፍት በአውቶቡስ የሚኬድበት አገር እንዳለው ሰምቼ አላውቅ፣ በቃ።

ከኪርያት ጋት ወጣሁ በማለዳ፣ ሻንጣዬ ግማሹ ባዶ፤
ከቤርሼባ ወዲያ መሬቱ ገረጣ፣ ዛፉም እያነሰ ሄዶ፣
ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤
ከዚያ ወዲያ ቤት የለም፤
ምድር እያዛጋች አፏ ሰፋ።

አስተማሪዋ ሽሎሚት ትባላለች፤ አንገቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ለስላሳ፤
«ጫማችሁን ለበሩ፣ ስልካችሁን ለቅርጫቱ፣
ሐሳባችሁን ለነፋሱ፤ ማንም ምንም አያንሳ።»

በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ትራስ ይዛ መጣች፣
ጉልበቴን ቀና አድርጋ ከስሩ ሸጎጠች፣
በብርድ ልብስ እግሬን ጠቀለለች፤
«ጉልበትሽ ይረፍ» ብላ አንሾካሾከች።
በዕብራይስጥ ነው ያለችው፤ በአማርኛ ሰማኋት፦
ጉልበት — መታጠፊያው፤
ጉልበት — የተሸጠው በሰዓት።

«ይረፍ» ስትል ግን ደነገጥኩ።
ማረፍ በኔ ቋንቋ ሁለት በር አለው፤
አንዱ ወደ አልጋ፣ አንዱ ወደማይመለሰው።
ጌርሾን አረፉ። ብሩሪያ አረፉ።
የዘጠኝ ቁጥሩ አልጋ አረፈ፤
አንሶላው ሁሉ በኔ እጅ ታጠፈ።

«ዐይንሽን ክደኚ» ስትለኝ አንዱን ከደንኩ፤
በሌላው ጎረቤቴን ሰለልኩ፦
ዳፍና፣ ከሃይፋ፣ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ፤
ተረከዟ ወለሉን ተጭኗል፣ እሷ ግን ለጥ ብላ ተኛ(ች)
ብዬ ልተወው? እንዲህ ከቆየ ይቆስላል፤ ሥራዬ ነው፣ ዐውቃለሁ።
እጄን ሰደድ አድርጌ ፎጣ አጠፍኩላት፤
ሽሎሚት ፈገግ አለች፣ አንድም ቃል ሳይወጣት።

ከሌሊቱ ስምንት ሲሆን ዐይኔ ተከፈተ፣ ማንም ሳይጠራኝ፤
በየሁለት ሰዓቱ ሰው ማገላበጥ የለመደ እጄ ቀሰቀሰኝ።
የማገላብጠው ሰው የለም።
ራሴን በግራ ጎኔ አገላበጥኩ፤
አልሆነም። ብርድ ልብሱን ደርቤ ወጣሁ።

ውጭ የበረሃ ዋልያዎች፣ ከገደሉ ወጥተው የከተማውን ሣር ይግጣሉ፤
እኔን እንግዳዋን ዐይተው ቀና እንኳ አላሉ።
አንድ ሽማግሌ፣ ቀንዱ እስከ ጀርባው የተቆለመመ፣
ጉልበቱን አስቀድሞ አጥፎ ከጠርዙ ላይ ተጋደመ።
ትራስ የለው፣ አስተማሪ የለው፣ ማንም «ተንፍስ» አላለው፤
ሁለቱን በር የመለየት ዕውቀት ከየት አገኘው?

ከልማዴ ነው፣ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ልቆጥር፤
ሆዱ ከፍ፣ ሆዱ ዝቅ፣
ኮከብ አለ፣ ብርድ አለ፣ የድንጋይ ሽታ አለ፤
ሆዱ ከፍ፣ ሆዱ ዝቅ፤
አርባ ላይ ጠፋብኝ ቁጥር።

ጠዋት ሽሎሚት ያገኘችኝ ድንጋይ ተደግፌ ነው፣ አፌ እንደ ገደሉ ተከፍቶ፤
የቁርሱ ሰው ሁሉ ማንኮራፋቴን ሰምቶ።
አልቀሰቀሰችኝም። ሹራቧን አውልቃ፣ ጠቅልላ፣ ከጉልበቴ ስር ሸጉጣ
ሄደች። ቀትር ላይ ነቃሁ፤ ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጥታ።

ከተመለስኩ በማግስቱ ማታ ፈረቃ ገባሁ።
በዘጠኝ ቁጥር አዲስ ሰው አገኘሁ፤
ፍሩማ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏት፤
«ጠፍተሽ ከረምሽ፤ ምን ስትሠሪ?» ስትለኝ፣ «ስተኛ» አልኳት።
ሳቀች። ከጉልበቷ ስር ትራስ ሸጎጥኩ።
በየትኛው በር እንደምታልፍ አላውቅም፤ ማንም አያውቅ።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
ሆዷ ከፍ፣
ሆዷ ዝቅ።