አምስተኛው

ከመካነ ብርሃን አምስት ሰዓት በእግር፣
አንዱ ዳገት ሲያልቅ ሌላው ሲጀማመር፣
ጠመኔና ደብተር፣ ካርቶን ሙሉ ሥዕል፣
አህያ ላይ ጭኜ ደረስሁ ሩፋኤል።
ዕቅድ ይዤ ነበር፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ጎንደር የተጻፈ፣ ፈተና ያለበት፣
ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ የሦስት ወር ትምህርት።

ቄስ ደምለው ወጡና መስቀል አሳለሙኝ፤
ዕቅዴን ሳላወጣ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦
«ድቁና አለህ ልጄ?»
«አዎ፣ አለኝ አባ።»
ፊታቸውን አዞሩ፤ ዐይናቸው አነባ።

ሁለት ቄስ አላቸው፣ ዲያቆንም ሁለት፤
ሦስተኛው መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ቀረ በወጣበት።
በአራት አይቀደስም።
የአርባ፣ የሰማንያ ቀን ሕፃን የያዘች እናት፣
ለቍርባን ማዶ ደብር ገደሉን ትሻገር ነበር በሌሊት።
እኔ ላስተምር መጣሁ፤
እነሱ የጠበቁት ቁጥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀኑ እንዲህ ነው የሚውል፦
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የድንጋዩ ደወል፣
ቁንጫው ያስተረፈልኝን እንቅልፍ ይቀማል፤
ውርጩ ጫማዬ ውስጥ ጣቴን ይቆጥራል።
ሲነጋ ምንጭ ወርጄ ጀሪካን እሞላለሁ፤
ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ግማሹን በመንገድ እደፋለሁ።
ረፋድ ላይ ማመልከቻ፣ «ለወረዳው ጽሕፈት ቤት»፣
የማዳበሪያ ዕዳ፣ የጠፋች በቅሎ፣ ወሰን የተገፋበት።
ይመናሹ ትመጣለች፣ የዚያ መተማ የቀረው ዲያቆን እናት፣
ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አምጥታ፣
«ደውልልኝ» ትላለች፣ ሁለት እንቁላል ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ።
ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። አብረን እንወጣለን።
ልጇ አያነሣም።
እንቁላሉን ግን መልሳ አትወስድም።

ትምህርቴ የሚጀምረው ከብት ሲገባ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
ከጥዱ ሥር፣ አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ስጽፍ፣ ስፍቅ።
«ክፍል አንድ» ሦስት ቀን ዘለቀ፤ ከዚያ ዕቅዴን ዝናብ አገኘው።
አንዳርጌ፣ የቄስ ደምለው ልጅ፣ ለድቁና የታጨው፣
ዜማው አልገባ አለው፤ ሁለተኛው ቃል ላይ እንቅልፍ ነው የሚወስደው።
ትርንጎ የምትባል ልጅ ግን፣ እሳት ልትጭር መጥታ፣
ደጃፍ ቆማ ስትሰማ፣
የዲያቆኑን ድርሻ ከጥሪው እስከ ስንብቱ በቃሏ ያዘችው፣ በሁለት ሳምንት ማታ።

«የኔታ» አለችኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ላልሞላኝ ሰው፣
«አንተ ስትሄድ አራት ናቸው፤ እኔ ብቆም ምንድን ነው?»
ሥርዓቱን አውቃለሁ። መልሱንም ተምሬዋለሁ። ግን በዚያ ማታ
ጠመኔ በእጄ ሳደቅቅ ቆየሁ፤
እሷ ሄደች፣ ፍሟን በገል አንሥታ።

የመጨረሻው እሑድ ጉንፋን ጉሮሮዬን ዘግቶት፣
ሕዝቡን የማስነሣበት ተራ ደርሶ፣ አፌን ብከፍት ቃል አጣሁበት።
ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሴቶች መቆሚያ፣ አንዲት ቀጭን ሹክሹክታ
ቃሉን አቀበለችኝ፣ ፍም እንደሚያቀብል ሰው፣ ለአፍታ።
ተቀብዬ ጮኽሁት።
ማን እንደጀመረው እኔና እሷ እናውቃለን፤
ቄስ ደምለውም ሳይሰሙ አልቀሩም፤
ስንወጣ ጢማቸውን እየነካኩ «ዛሬስ» አሉ፣ «ስድስት ነበርን።»

አሁን ጎንደር ነኝ። እሑድ ነው፤ ደብሩ ሞልቶ፣
አሥራ ሰባት ዲያቆን መቅደሱ በር ላይ ተጋፍቶ፣
ለብሶ ተራ የሚጠብቅ አለ፤ ተራ ሳይደርሰው የሚያወልቅም አለ።
እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ሳልፈልግ፣
ነጠላዬ ውስጥ ጣቴን እያጠፍሁ እቆጥራለሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አምስተኛዋ ትንሿ ናት።
ሳላጥፋት ትቀራለች።