አስኳሉና አስካሉ

«የትም ሁን፣ ምንም ሁን፣ አሁኑኑ ብቻ ና፤
ኮምፒውተሬ ዛሬ አልነሳም አለና።»

ሰኔ ሃያ ሦስት ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት፤
አራት ኪሎ ዝናብ፤ በኩሬው ውስጥ መብራት።
ታክሲ አጥቼ በእግሬ፣ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል፣
ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ቋቅ ቋቅ ሲል።

ከማተሚያ ቤቱ ኋላ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣
ሁለት በሦስት ሜትር፣ ቆርቆሮዋ ጥቁር፤
ጽሕፈትና ጥረዛ፤ ኮፒ በሦስት ብር።

ጥግ ላይ አንድ ወጣት፣ ጥፍሩን እየበላ፤
ሚልክያስ። ነገ ነው ዲፌንሱ። ቅጂ የለው ሌላ፤
ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቀርቷል፣ እጅ ላይ ነው የወያላ።

ሳጥኑን አበራሁ። ማራገቢያው አጓራና
ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ዘነበና
ቀጥ አለ።

«ምን ይላል?» አለችኝ። «ደንግጧል ከርነሉ።»
«እሱ ደግሞ ማን ነው?» — «አስኳሉ ነው፣ የሁሉ።»
«በሰው ስም አትቀልድ! እኔ ነኝ አስካሉ።»

እኔስ አልቀለድኩም። መጨረሻው መስመር
«ሥሬን አላገኘሁም» የሚል ነገር ነበር፤
ሥር ማለት በነሱ ቤት ሁሉ የቆመበት፣
ፎንቱ፣ ደረሰኙ፣ የዚህ ልጅ አምስት ዓመት።
ደግሞ እኔው ነኝ የጫንኩት ሊኑክስን፣ አምና ክረምት፤
«ከቫይረስ ገላገልኩሽ» ብዬ ፎክሬባት።

«ዛሬ ምን ነካሽ?» አልኳት። ፊቷ ጠቆረና
«እኔንማ ምን ሊነካኝ፣ ይኸው ነኝ በጤና!»
«አይደለም፤ በጣትሽ፣ ማሽኑ ላይ ምን ነካሽ?»
«ኧረ እሱ ነው የነካኝ፤ ‹አዲስ ነገር አለሽ፣
ላሻሽል?› አለ፤ ‹እሺ› አልኩት። ሠላሳ፣ ስልሳ ብሎ ነጎደ፤
ዘጠና ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።»

ገባኝ።
አዲሱ አስኳል መጥቷል፤ ግን የሚመራው ጠፍቶ፣
ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ከመብራቱ ጋር ቀርቶ፣
የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ በሩን ስቶ።

አጠፋሁት። አበራሁ። ሽፍት ይዤ ዘገየሁ።
አጠፋሁት። አበራሁ። አሁን ደግሞ ፈጠንሁ።
የሚልክያስ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤
ዳዊት ይደግም ይሁን ይራገም፣ አልሰማሁ።

በሦስተኛው
ዝርዝሩ ተገለጠ። ከላይ የሰኔው፣ አዲሱ፤
ከሥሩ የሚያዝያው፣ ማንም ያልጣለው እሱ።
ቀስቷን ወደ ታች፣ አንድ።
ተጫንኩ።
ጨለማ።
የቆርቆሮው ዝናብ ብቻውን ሲሰማ፤
ከዚያ አረንጓዴ፦
እሺ
እሺ
እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ ከላይ እስከ ታች፤
እትዬ አስካሉ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች።

«በል ጠግነው!» አለች። «ቆይ፤ መብራት አይታመንም፤
መጀመሪያ ይታተም። ጥገናው አይሸሽም።»
ወጣ ገጽ በገጽ። ምስጋናው ላይ እግዜር፣ አማካሪው፣ እናቱ፣
አራተኛ አስካሉ፤ (ራሷ ናት ተያቢይቱ፣
ማን ይከለክላታል?)
ሚልክያስ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ
ሙቀቱ ሳይለቀው ተኛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ከሌሊቱ ስድስት ላይ የአዲሱን ጨረስኩት፤
የጎደለውን መሪ ከሥር ሠርቼ ሰጠሁት፤
ተነሣ። በሩን አገኘ።

«እንግዲያ አሮጌውን ጣለዋ፤ ምን ይሠራል ከእንግዲህ?»
መልስ አልሰጠሁም። መደርደሪያዋን አየሁ፤ እዚህ
ከሁለት ሺህ አንድ ጀምሮ ተጠርዘው የቀሩ፣
ባለቤት ያልወሰዳቸው፣ በወርቅ ቀለም የከበሩ
ሰባት ቀይ ጥራዞች። «እነዚህስ?» አልኳት።
«ምናልባት ይመጣሉ» አለች።
የሚያዝያውንም ተውኩት።

ስወጣ፣ ማሽኑ ግንባር ላይ፣ በማርከር የጻፈችው፦
«ዝናብ ሲዘንብ ‹ላሻሽል› ቢላችሁ እሺ አትበሉ።
ትእዛዝ ነው። አስካሉ።»