ተቀባይ

ኅዳር ነው ኡፕሳላ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ
ቀኑ ተከደነ፤ የፊሪስን ወንዝ ጨለማ በላ።
ጉንቮር ምድር ቤት ናት፤ መነጽሯን ሰቅላ
ከጥንቸል ዓይን ላይ፣ ከብሌኑ ጠርዝ፣
ከጥፍር የቀጠነች ጡንቻ ነጥላ
በሐር ክር ታስራለች፤ ለብ ባለ ጨው ውሃ
ታንጠለጥላለች፤ አረፋው ሲፈላ።
ከላይ አንዲት ብዕር፣ ከሥሯ ጥቅል ወረቀት፤
ጡንቻ ስትኮማተር፣ ብዕር ወደ ላይ መውጣት፣
ጡንቻ ስትዝል፣ ብዕር መተኛት።
ሥራችን ይኸው ነው፤ ይህን መጠበቅ፣ ይህን ማንበብ ሌሊት።

በቅድሚያ አትሮፒን፤
የታወቀውን ነርቭ፣ የብርሃንን መልእክተኛ
አፉን ሸብቦ፣ ከደጅ እንዲተኛ።
እንግዲህ ማን ቀረ? ማን ሊጠራት ይችላል?
ጉንቮር ጣቷን አነሣች፦ «ቆይ፤ ሌላ ይመጣል።»

ከበረዶው ብልቃጥ አንዲት ጠብታ «ፒ»።
(ሲያገኟት ዱቄት ነበረች፤ በአንድ ፊደል ጠርተው
ስም ሳያወጡላት ቀሩ፣ እንደ ዋዛ ረስተው።)
ዐሥራ አንድ ዶቃ ናት፣ በአንድ ክር የተሰካች፤
በሕመም ነርቭ ጫፍ፣ በጓዳው ተደብቃ
ቁስል ስትጠብቅ የኖረች።
ጠብ አለች።
ብዕሯ ተነሣች፤
ሳትቸኩል፣ ጉልበቱን እንዳመመው ሰው፣ ደረጃውን ወጣች።

መብራት የነካ የለም። ጥንቸሏም ከሞተች ቆየች።
ለካ ብሌን የሚጠብ ፀሐይ ሲወጋው ብቻ አይደለም፤
ቁስልም መስኮት ያስጠብባል፤ ቤቱ ቢጨልምም ግድ የለም።

«ተቀባይ» ይሉታል ጠብታዋ የምታርፍበትን።
እኔን ግን ቃሉ የሚያስታውሰኝ ሌላ ነው፦
አውራጅ ብቻውን ቢያወርድ ጩኸት ነው፤
ዜማ የሚያደርገው የተቀባይ አፍ ነው።
ይኼኛው የሕዋሱን ቆዳ ሰባት ጊዜ በስቶ፣
አንድ ጫፉን ውጭ፣ አንድ ጫፉን ውስጥ ትቶ
እንደ ጥልፍ ተቀምጧል። ዶቃዋ ስትነካው
ይጠመዘዛል፤ ካልሲየም ይፈስሳል ከጎተራው።
ሲደጋግሙት ግን ይሰለቻል፤ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤
ሦስተኛዋ ጠብታ ብትወርድ፣ ለአመል ያህል ይነቀነቃል።
«ባሌን ይመስላል» አለች ጉንቮር።
ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሆስፒታሉ፣ በበረዶ ጣሳ፣
የሰው ዓይን መጣልን።
የፊቱ መስተዋት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ
የተረፈው ነው፤ ለኛ የደረሰን።
ስም የለውም። ቁጥር፤ «ሴት፤ ሰማንያ አንድ»።
ቀለሙ የዝናብ ሰማይ ሆኖ፣ ጥግ ላይ አንድ ቡናማ ነጥብ፣
እንደ ተረሳ የሻይ ጠብታ፣ ከነጭ ጨርቅ ላይ የማይታጠብ።
ጉንቮር ሬዲዮውን ዘጋችው።

አትሮፒን። ፒ። ጠበቅን።
መስመሩ ቀጥ አለ፣ እንደ ረጋ ሐይቅ።
መጠኑን ዐሥር እጥፍ አደረግን፤ ብዕሯ ንቅንቅ አትልም።
የጥንቸሏ ቋንቋ ለዚች ሴት አልሆነም።

ከማቀዝቀዣው ጥግ ሌላ ብልቃጥ ነበር፤
ኮሌሲስቶካይኒን፤ ስሙ ከቁመቱ የሚረዝም፣
የአንጀት ልጅ ነው፤ ስብ ሲበላ ሐሞትን የሚጨምቅ።
ዓይን ቤት ምን አገባው?
ጉንቮር ካፖርቷን ለብሳለች፤ አንድ እጇ ጓንት ውስጥ ነው፤
የመጨረሻው አውቶቡስ ሊሄድ ስድስት ደቂቃ ነው።
እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ጠብ አደረገችው።

ብዕሯ ዘለለች።

ማንም አልተናገረ። ውሃው ብቻ ተንተከተከ።
«በኔ ቋንቋ» አልኳት፣ «ያዘነ ሰው አንጀቱ ይላወሳል፤
ያሳዘነውም ሰው አንጀት ይበላል፤
ሐሞት ያለው ይደፍራል፤
እና ይህቺ ሴት…» ስዊድንኛዬ እዚያ ላይ አለቀ።
«መጠኑን ጻፍ» አለችኝ።

ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ቁጥሩን።
ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግን፣ እሷ በማታነበው ፊደል፦
«አንጀት አወረደ፤ ዓይን ተቀበለ።»

አውቶቡሱ አመለጣት። ጓንቷን አወለቀች፤ ወንበር ሳበች።
ብዕሯ ገና አልወረደችም ነበር።