ሰያፍ

ሥራዬ ፓራውልት ነው።
አይሱዙ ተጋጭቶ አፍንጫው ሲሰበር
ተጎትቶ ይመጣል እስከዚህ ቆርቆሮ በር፤
ፋይበር አለብሳለሁ፣ ሙጫ አጠጣለሁ፣
ቀለም ቀብቼለት ለጌታው እሰጣለሁ።
ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፤ ሽታዬን ተከትለህ ና።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ሩቅያ ይማም መጣች፤
ባለጎማ ጫማዋን ከጠረጴዛው ጣለች።
«ስኬቴ ተሰብሯል» አለችኝ።
«የማንስ ያልተሰበረ?» ብዬ ቀለድሁ።
አልሳቀችም።

ከሥር ያለው አልሙኒየም ተሰንጥቋል ወገቡ፣
አራቱ ጎማ በመስመር የሚሰካበት እርካቡ።
(ፍሬም ይሉታል እነሱ፤ እኔ እርካብ ብዬዋለሁ፣
ከእግርና ከመንገድ መሃል ሌላ ስም ከየት አመጣለሁ?)
«ከባድ ነው ደግሞ» አለች፣ «ብየዳ አልፈልግም፤
ይህን እያነሳሁ መቶ ዙር አልደግምም።»

ወርቅ ሠሪው ሙህዬ ሚዛኑን አዋሰኝ፤
ሁለት መቶ አሥር ግራም። ቁጥሩ አሳፈረኝ፣
እኔ የሠራሁት ይመስል።

ከዋንዛ ቅርጽ ጠርቤ፣ ሰም ቀብቼ አሳደርሁ።
ሙጫ ጊዜ አይሰጥም፤ ማጠንከሪያው ከነካው
ሃያ ደቂቃ ነው ዕድሜው የሚለካው፤
የሰባት ሰዓት ፀሐይ ሲያገኘውማ
ጣሳው ውስጥ ያጨሳል፣ ቁጡ ነው፣ አይሰማ።
ያሮጌ ፍሪጅ ሞተር አየሩን ሲጠጣ
ፌስታሉ ተጨማዶ አጥንቱን አወጣ።
ድሩን በቁመቱ ስምንቴ ደረብሁት፤
መንገድ ወደፊት ነው፣ እኔም ያን አመንሁት።

ቀላል ሆነ። መቶ ሠላሳ።
ሩቅያ አሰረችው፣
ከጨርቃ ጨርቁ በር ጀምራ ነዳችው፤
ቀጥታው ላይ ንፋስ። ኩርባው ላይ ግን ከዳት፣
እርካቡ ተጠምዞ አስፋልት ላይ ጣላት።
ክርኗ ተላጠ። አልተቀየመችኝም።
እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጎኔ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጋሽ አረቡ፣
መርፌ ካፉ አይለይ፣ ሜትር ካንገቱ።
ስብራቱን አየ። ስለ ጎማ አልጠየቀም።
ቁራጭ አቡጀዴ አነሳ፣
በድሩ ጎተተው፤ አልተነቃነቀም።
በማጉ ጎተተው፤ አልተነቃነቀም።
ከጥግ እስከ ጥጉ በሰያፍ ሲስበው
ተመዘዘ ጨርቁ፣ እንደ ማር ሳበው።

«ጨርቅ በሰያፉ ነው ልቡን የሚገልጠው።
ቀሚስ ስሰፋ እኔ እዚያው ነው ምቆርጠው፣
እንዲዞር ነዋ! የሴት ቀሚስ ቆሞ ምን ያደርጋል?
ያንተ ግን እንዲቆም ነው፤ እዚያው ክር ይፈልጋል።
አብሽር» አለኝና መርፌውን መልሶ ጎረሰ።

አርባ ዓመት ከጎኔ ተቀምጦ የኖረ ነገር፣
ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ሳል እንኳ የሚሻገር፣
እኔ አንድም ቀን ሳልጠይቅ።

እንደገና ጀመርሁ። አራቱን በቁመት፣ አራቱን በሰያፍ፣
አንዱን ወደ ቀኝ ጥግ፣ አንዱን ወደ ግራ ጫፍ፤
ከመሃሉ ቃጫ፣ የሐርቡን ገበያ ገመድ ፈትቼ፣
መርገፍገፉን ይብላ ብዬ፣ በጣቴ ጠቅጥቄ አስገብቼ።
መቶ አርባ ስድስት ግራም።
ሙህዬ ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ አየና
«ወርቅ ቢሆን» አለኝ፣ «ሰርግህ ደርሶ ነበር ገና ድሮ ገና።»

ግራው አረፋ አለው፣ ከተረከዙ አጠገብ፣ የሽንብራ ያህል።
ነገርኋት። በጥፍሯ ነካ ነካ አድርጋ
«የኔ ክርንም ጠባሳ አለው» አለች። ሄደች።

እሁድ ንጋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከሐረጎ ኩርባ
በባጃጅ ተከተልናት፤ ሙህዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣
እኔ ዓይኔን ሳላረግብ።
ወደ ግራ ስትታጠፍ ሰያፉ ሲይዛት አየሁ—
አየሁ ልበል እንጂ ምኑ ይታያል?
ሰማሁት። ቀጭን ድምፅ፣ የተወጠረ ክር ሲነካ የሚለውን።
መንገዱም ለካ ወደፊት ብቻ አልነበረም፤
ተራራው ራሱ በሰያፍ ነው የሚወርደው።

ሰኞ አንድ አይሱዙ መጣ፣ አፍንጫው ተሰብሮ።
ሾፌሩ ተቻኩሏል፣ ዋጋ ይከራከራል፣
ሽንኩርቱ ይበላሻል፣ ፀሐዩ ይከራል።
አንድ ድርብ በሰያፍ ጨመርሁለት።
አልነገርኩትም፤ አላስከፈልኩትም።