ወራጅ አለ

ቁጥሯ ሃያ ሦስት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣
ከፒያሳ ሮቢት፣ ከሮቢት ሰኞ ገበያ ስታመላልሰን ኖራ፣
ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ከቆራሌው በር፣
ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ጎማዋን ተነጥቃ፣ ሞታ ሳትቀበር።

«ውይይት» ያላትን ማንም አላወቀው፤
ስሟ ከሁለት ጠርብ፣ ፊት ለፊት ከተዘረጋው ነው የፈለቀው።
ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣
ማን ዝም ይላል ሰው ፊት ላይ አፍጥጦ ዓይኑን መጣያ አጥቶ?

ረዳት ነበርኩ እኔ፣ ከኋላ ደረጃው የምንጠለጠል፣
ጆሮዬን የጦሳ ብርድ ሲበላው፣ ሳንቲም በመዳፌ ሲቃጨል።

ሉባባና አስካለ በአጥር ተካሰው፣
ሰላምታ ተነፋፍገው፣ ዓመት ጨርሰው፣
አንድ የሐምሌ ዝናብ አባሮ አምጥቶ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው፤
ቧንቧ ውሃ ቁልቁለት፣ አበጋዝ ፍሬን ቢረግጥ፣ ግንባር ለግንባር አጋጫቸው።
ዝም።
ከዚያ ሉባባ ፈነዳች፤ ሁላችን ሳቅን፤
ዳኛ ያልቋጨውን ክስ ፍሬን ቋጨው ያን ቀን።

ኋላ ባጃጅ መጣ። ደብዳቤ ተጻፈ፤
ታርጋችን በቀይ ተሰረዘ፣ ዘመኗ አለፈ።
አሥራ አራት ቁጥር ገራዶ ወርዳ የዶሮ ቤት ሆነች፤
ስድስት ቁጥር ሐረጎ ላይ፣ ከነጭነቷ፣ ሞተሯ መከነች።
ዘጠኝ ቁጥርን እንጃ።
ጠይቄ ነበር።

አሁን የባጃጅ ሹፌር ማጅራት አያለሁ፤
ማጅራት መልስ የለው፤ ሒሳቤን ከፍዬ እወርዳለሁ።

ዛሬ ቆራሌውን ለምኜ፣ ገባሁና ተቀመጥኩ፤
ዝገቱ ሱሪዬን ቢበላም፣ ጉልበቴን ወደ ፊት ገፋ አደረግኩ፣
የሚነካው አጣ።
«ወራጅ አለ!» አልኩኝ፣ በቆየ ልምድ፤
ማን ሊያቆማት? ቆማለች። ወዴትስ ልወርድ?