ገንዳ ሦስት

ሽምብጥ ዳር፣ ከላስቲኩ ቤት፣ ገና ሳይነጋ ገብቼ፣
ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ ከውሃው በጣቴ አንስቼ።
ሃያ ስድስት። ይበቃል። የታኅሣሥ ቁር በደጅ ቀረ፣
የላስቲኩ ግድግዳ ላይ ትንፋሻችን ጤዛ ቋጠረ።

ሽሪምፕ ናቸው፤ ጫጩት ናቸው፤ ከሽፋሽፍት የማይወፍሩ፣
ዓይናቸው ብቻ የሚታይ፣ እንደ መስታወት የጠሩ።
ኦክስጅን በተነፋ ከረጢት፣ በአውሮፕላን የመጡ፣
«ሁለት ሺህ ነፍስ» ተብለው በእኔ እጅ ላይ የተሰጡ።

ጋሽ ስሜነህ፣ ዘበኛው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣
«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ ገንዳዬን በባትሪ ብርሃን ታዝቦ፣
«ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ በኦሪቱ የተነቀፈ፣
ለማን ጉሮሮ ነው እንቅልፍሽ በየሌሊቱ የረገፈ?»
«ሆቴል ይበላዋል ጋሼ፣ ፈረንጅ ይበላዋል» አልኩት።
«አንቺስ?» አላለኝም። እኔም አልበላውም፤ አልነገርኩት።

የመጀመሪያው ዙር ጊዜ፣
በጥቅምት አስገብተን፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቆጠርን፤
በነጭ ሳህን፣ በጣሳ።
ስድስት መቶ አርባ አንድ። «ሌላውስ?» ተባብለን ቀረን።
ውሃው ጤና፣ አየሩ ጤና።
የእንቁላል አስኳል በሻሽ አጥልዬ ሰጥቻለሁ፤
የኑግ ፋጉሎ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ በቀን አራቴ በትኛለሁ።
ሬሳ የለም። አንድም የለም። ጭራ እንኳ፣ ጢም እንኳ የለም።
የሞተ ነገር እኮ ይንሳፈፋል፤ ይኼ ግን እንደ ሕልም።

የቀሩትን ሌሊት ጠበቅሁ፤ ባትሪውን ቀይ ጨርቅ ሸፍኜ።
አንዱ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። አየሁት፣ ትንፋሼን አፍኜ።
ልብሱን አወለቀ። ከነጥፍሩ፣ ከነጢሙ፣ ከነዓይኑ ሽፋን፤
ባዶው ቀፎ ወዲያ ቆመ፣ እሱ ወዲህ፤ ለስላሳ፣ ዕርቃን።
ለማደግ ሌላ መንገድ የለው፤ የጠበበውን መጣል ነው፤
ለዚያች ለአንዲት ሰዓት ግን ጥርስ የለው፣ ጋሻ የለው።
ወንድሞቹ መጡ።
አልቸኮሉም፤ አልተጣሉም።
ያጣኋቸው የት እንደገቡ ገባኝ፤
አልጠፉም።

ይበልጣል ከእንጅባራ ቀርከሃ አስመጣ፤ ሰነጠቅን፤ አሰርን፤
ውሃው ጠቆረ፤ ሸተተ፤ በሦስተኛው ቀን አውጥተን ወረወርን።

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። አባቴ አንማው፣ ጣናን አርባ ዓመት ያረሰ፣
ጉልበቱ በታንኳ የፈረሰ።
ያ ዓይኑ ጠባብ መረብ፣ የከለከሉት፣ የተቀጣበት፣
ከቆጡ ላይ ተጠቅልሎ፣ አቧራ ብቻ ነበር የተያዘበት።
«ስጠኝ» አልኩት።
«ልታቃጥሉት ነው?» አለ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ።
«ገንዳ ውስጥ ልሰቅለው ነው፤ ጫጩት እንዲያድርበት ተሰውሮ።»
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳል ሳቁን ተቀላቀለው፤
«ጫጩት ትፈጃለህ ብለው አይደል እንዴ የቀጡኝ? በለው!»
መቀስ አላስነካኝም። ራሱ በጠሰው፣ በጥርሱ፤
እርሳሱን ከጠርዙ ለቅሞ ኪሱ ከተተ፣ ለራሱ።

ለሁለተኛው ዙር እንደ መጋረጃ፣ በየስንዝሩ ሰቀልነው፤
ሜዳ የነበረውን ውሃ ጓዳ ጓዳ አድርገን ከፈልነው።
ልብሱ የጠበበው ሁሉ ከአንዱ እጥፋት ይጠጋል፤
ጠዋት፣ ከቀናው፣ በአዲስ ልብስ ይወጣል።
ያልቀናውም አለ። ቀፎውን አገኛለሁ አንዳንዴ።
ለጋሽ ስሜነህ አላሳየውም፤ «አላልኩሽም እንዴ?»

ዛሬ ቆጠራ ነው። አባቴ በምርኩዝ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ፤
ነጩን ሳህን ከእጄ ተቀብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ አፈጠጠ።
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲደርስ ቁጥሩ ከአፉ ጠፋበት፤
አንዷ ጣቱ ላይ ወጥታ ነበር፣ ጢሟን እየነቀነቀችበት።
«እንደገና ልጀምር» አለ።
ይበልጣል ሰዓቱን አየ። ገና ገንዳ አራት ይቀራል።
እኔ ግን ሳህኑን ሞላሁ።
«አንድ» አለ፤
ጣቱ ይንቀጠቀጣል።