ጎሚኒ ቀለበት

ሜክሲካሊ በሐምሌ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣
አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ሰው ይሸሻል ሰውን።
አርባ ስምንት ይላል የፋርማሲው ሰሌዳ፤
የኔ ኒሳን ይብሳል፣ ውስጡ የዳቦ ቤት ጓዳ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ አማቴን አደርሳለሁ
ደሟን ከሚያጥበው ማሽን። በመስታወት አያታለሁ፤
እርጥብ ፎጣ ባንገቷ፣ እጇ ቦርሳዋ ላይ፣
ዶኛ ዶሚቲላ "ሞቀኝ" አትልም፣ ዝም ብላ መንገድ ስታይ።
ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

"ጀምሮ የማይጨርስ" ብላኝ ነበር ድሮ፣
በሠርጋችን ማግስት፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጣ ጓሮ።
ሰምቻለሁ። መስማቴን ታውቃለች።
አሥራ አንድ ዓመት ያች ቃል ከኛ ጋር ምሳ በልታለች።
ቅዝቃዜው ከመኪናው ጠፍቶ
እኛ መሀል ተቀምጧል፣ ተመቻችቶ።

በሰኔ አንድ ቆርቆሮ ጋዝ ገዝቼ ሞላሁ፤
ሳምንት ነፈሰ፣ ጠፋ። ደግሞ ገዛሁ።
ኔሬይዳ ለሌሊት ፈረቃ ወደ ፋብሪካ ስትሄድ፣
"ቀዳዳ እንስራ ነው የምትሞላው" አለችኝ፣ አንድ እግሯን አውጥታ ወደ መንገድ።

አርብ ማታ ኮፈኑን ከፈትኩ።
ከፍላቪያኖ ፓምፕ፣ ጌጅ፣ ጋዝ መሳቢያ ተዋስኩ።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ቱቦውን በጣቴ ስከተል፣
ከኋላዬ ነጠላ ጫማ ሰማሁ፣ ሸርተት ሸርተት ሲል።

ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች፣ የሳሙና አረፋ፣
የቀለም ብሩሽ፣ ጠጉሩ ያለቀ፣ የከረፋ።
"ሠላሳ ዓመት" አለች፣ "በረዶ ፋብሪካ፣ አሞኒያ ስጠብቅ።
ሆዱ ላይ አትፈልገው። ቱቦ ከቱቦ ሲገናኝ ነው የሚላቀቅ።"

በረዶ ፋብሪካ መሥራቷን አውቃለሁ።
ምን ትሠራ እንደነበር መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

ቀባች። ጠበቅን። ምንም።
ከኮምፕሬሰሩ አፍ ቀባች። እዚያም ምንም።
ከኮንደንሰሩ ሥር ስትቀባ፣ ባትሪዬ ብርሃን እየከዳ፣
አረፋው ተነፈሰ፤ እንደ ሕፃን ምራቅ እያበጠ እየፈነዳ።

የቀረችውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሳብናት፤ "ሰማይ ላይ አትልቀቃት" ብላ።
ብሎኑን ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ቁልፉ አንሸራቶኝ ጣቴ ቆስላ።
ሁለቱን ቱቦ ያገናኘች የጎሚኒ ቀለበት
ደርቃ ነበር። በጥፍሬ ብነካት ሆነች ሁለት።

"ለዚች ነው?"
"ለዚች ነው" አለች። "አዲሷን ዘይት ቀብተህ አግባት፤
ቀለበት በደረቁ ካጠበቁት፣ ራስህ ነህ የሰነጠቅካት።"

ፓምፑ አጓራ። መርፌዋ ከዜሮ በታች ወረደች።
ዘጋሁት። "ግማሽ ሰዓት" ብላ ወንበር ሳበች።
"መርፌዋ ከተነሳች ውሸታም ነን ሁለታችንም።"
ባዶውን ስንጠብቅ፣ አንድ ቃል አልተናገርንም።
ውሻ ጮኸ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጠፋ።
መርፌዋ እንደተኛች ናት።
ነገ እሞላዋለሁ ብዬ ጨርቁን ሳነሳ፣

"ጨርሰው" አለች።

ሞተር አስነሳሁ። በሰማያዊው ቱቦ ጋዙ ገባ፣
ቆርቆሮው መዳፌ ውስጥ ላብ አወጣ፣ ክላቹ ቀጭ አለ፣ ቺንጋው አፏጨ።
ቴርሞሜትሩ ከሠላሳ ስምንት ወረደ፦ ሃያ፣ አሥራ አራት፣ ዘጠኝ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። እጇን ንፋሱ ፊት ዘረጋች፤ አላመሰገነችኝ።
ሳህኗን አንስታ ገባች።

ቅዳሜ። አርባ ዘጠኝ ይላል የፋርማሲው ሰሌዳ።
ፎጣው ጉልበቷ ላይ ተጣጥፏል፣ ውሃ አልነካውም።
ቀይ መብራት ላይ፣ መንገዱን እያየች፣
"ብራውሊዮ" አለች፣
"ቀንሰው። በረደኝ።"

አንድ ነጥብ ቀነስኩ።
ቴርሞሜትሩን ከንፋሱ አፍ ሳላወጣ ረስቼው ነበር፤
አሥራ አንድ ይላል።